ሪሌው ሲያርፍ ሞተሩም ይረፍ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር መከላከያ እንድንጽፍ ከወሎ በርካታ አንባቢዎች ጠይቀውናል። ለዛሬ አራት ጥያቄዎችን መርጠናል፤ አንዱ ከደሴ ወፍጮ ቤት፣ አንዱ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ አንዱ ከቆቦ የመስኖ ጉድጓድ፣ አንዱ ደግሞ ከወልዲያ ተማሪ የመጡ ናቸው። አራቱም የሚያጠነጥኑት ሪሌው (ችግር ሲያይ ሞተሩ እንዲቆም የሚያዝዘው መሣሪያ) ችግሩን ካወቀ በኋላ ትእዛዙን ለኮንታክተሩ (የሞተሩን ኤሌክትሪክ ለሚያገናኘውና ለሚያቋርጠው ትልቅ ማብሪያ) በሚያደርስበት በመውጫው ሽቦ ላይ ስለሆነ፣ ሙቀትን ወይም ፌዝን (ሞተሩን ከሚመግቡት ሦስት መስመሮች እያንዳንዱን) ስለሚለካው የሪሌ ክፍል ብዙ አንልም። ከመነሻው አንድ ነገር እናሳስባለን፦ ከዚህ በታች የተጻፈው የገመድ ሥራ ሁሉ የሚከናወነው ዋናው ብሬከር ወርዶ፣ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ተቆልፎ፣ መስመሩም ባዶ መሆኑ በቴስተር ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የእህል ወፍጮ ቤት አለኝ። የወፍጮው ሞተር በሦስት ፌዝ የሚሠራ 15 ኪሎዋት ነው። ባለፈው ክረምት መብራት ሲሄድ ሲመጣ አንድ ፌዝ ጎድሎ ሞተሩ ስለተቃጠለብኝ በብዙ ወጪ አስጠምጥሜዋለሁ። ዳግም እንዳይደርስብኝ ብዬ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሪሌው እንደተገጠመ አረንጓዴ መብራቱ በራ፤ ሞተሩ ግን አልነሣ አለ። ባለሙያው “ሪሌው ከመጣበት የተበላሸ ነው” ብሎ ሁለቱን ገመዶች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ጃምፐር አደረገው፤ ሞተሩም ተነሣ። ሪሌው ላይ 15፣ 16 እና 18 የሚሉ ቁጥሮች ያሉ ሲሆን ገመዶቹ የታሰሩት 15 እና 16 ላይ ነው። ሌላ ሪሌ ልግዛ ወይስ ይኼው ይጠገናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ሌላ ሪሌ አይግዙ። እንደጻፉልን ከሆነ ሪሌው ደኅና ነው፤ የተሳሳተው የገመዱ መታሰሪያ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያ ጃምፐር ዛሬውኑ መነሣት አለበት። እሱ እስካለ ድረስ ሪሌው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጌጥ ነው፤ ፌዝ ሲጎድል መብራቱን ይቀይራል እንጂ ሞተሩን የሚያቆምበት እጅ የለውም። በሌላ አነጋገር የወፍጮ ቤትዎ አሁን ያለው ልክ ሞተሩ በተቃጠለበት ቀን እንደነበረው ነው።

ባለሙያውን ያሳሳተው አንድ ቃል ይመስለኛል። በሪሌው ጎን ላይ በታተመችው ትንሽ ሥዕል 15 የጋራ ነጥብ ነው፤ ከ15 ወደ 16 ያለው ኮንታክት (መገናኛ) ኖርማሊ ክሎዝድ፣ ከ15 ወደ 18 ያለው ደግሞ ኖርማሊ ኦፕን ይባላል። ብዙ ሰው “ኖርማሊ” የሚለውን “ሁሉ ነገር ደኅና ሲሆን” ብሎ ስለሚረዳው፣ ፌዙ ደኅና ሲሆን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው 16 ነው ብሎ ያስራል። ስያሜው ግን የሚናገረው ስለ መብራቱ ደኅንነት ሳይሆን ስለ ሪሌው ዕረፍት ነው፤ ይኸውም ሪሌው ምንም ኤሌክትሪክ ሳያገኝ፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ካርቶኑ ውስጥ እያለ ኮንታክቶቹ የሚገኙበት ሁኔታ ማለት ነው። በዚህ ላይ የአማርኛችን ጣጣ ይጨመራል፦ ዝግ በር ሰው አያሳልፍም፤ በኤሌክትሪክ ቋንቋ ግን የሚያሳልፈው ዝግ የተባለው ኮንታክት ነው። እኔ ለተለማማጆች ሳስረዳ “ዝግ” እና “ክፍት” ማለቱን ትቼ “የተገናኘ” እና “የተለያየ” እላለሁ፤ ስሕተቱ በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ እርስዎ ሪሌ ስንመጣ፣ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ሦስቱም ፌዞች በትክክል ሲገኙ ውስጣዊ ኮይላቸው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆነው ጥቅልል፣ እንዲስብ ተደርገው ነው። ስለዚህ አረንጓዴው መብራት ሲበራ 15 ከ16 ተለይቶ ከ18 ጋር ተገናኝቷል። ባለሙያው በ15 እና በ16 መካከል ሞተሩን የሚያስነሣ ኤሌክትሪክ ቢያጣ የሚያስገርም አይደለም፤ ሪሌው ሥራውን በትክክል ስለሠራ ነው ያጣው። ይህን ራስዎ ማየት ይችላሉ፦ ሪሌው ከፓኔሉ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በቴስተር 15ንና 16ን ቢነኩ ይጮኻል፣ 15ንና 18ን ቢነኩ ዝም ይላል። ፓኔሉ ውስጥ ሆኖ አረንጓዴው ሲበራ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል።

ሠሪዎቹ እንዲህ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሪሌው ሞተሩን “ሂድ” የሚለው ራሱ በሕይወት እያለና ሦስቱን ፌዞች እያየ ብቻ ነው። ፌዝ ቢጎድል፣ የሪሌው ፊውዝ ቢቃጠል፣ ወደ ሪሌው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ አይጥ ቢቆርጠው፣ ወይም ሪሌው ራሱ ቢቃጠል፣ በሁሉም መንገድ ኮይሉ ይለቃል፤ 15 ከ18 ይለያል፤ ሞተሩም ይቆማል። በ16 በኩል ቢታሰር ኖሮ ግን ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን ማስነሣት፣ ፌዝ ሲሟላ ማቆም ይሆን ነበር።

ስለዚህ ገመዱ በዚህ መንገድ ይሂድ። ከአንዱ ፌዝ ተነሥቶ በመቆጣጠሪያው ፊውዝ በኩል ወደ ስቶፕ በተኑ ይገባል፤ ከስቶፕ በተኑ ወጥቶ ወደ ሪሌው 15 ይሄዳል፤ ከ18 ወጥቶ ወደ ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲወስድ ወደሚለየው መከላከያ) 95፣ ከ96 ወጥቶ ወደ ስታርት በተኑ፣ ከስታርት በተኑ ወደ ኮንታክተሩ ኮይል ኤ1 ይደርሳል፤ ኤ2 በቀጥታ ከኒውትራል ጋር ይታሰራል። የኮንታክተሩ ረዳት ኮንታክት፣ ማለትም 13 እና 14፣ ከስታርት በተኑ ጎን ለጎን ይታሰራል፤ ጣትዎ ከበተኑ ሲነሣ ኮይሉን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። በዚህ አሠራር ፌዝ ጎድሎ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ፌዙ ቢመለስ እንኳ ሰው ስታርት ካልተጫነ ወፍጮው በራሱ አይነሣም፤ እጁን ወደ ድንጋዩ ያስገባ ሠራተኛ ሊኖር ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞተሩ የሚነሣው በስታር-ዴልታ (መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ተነሥቶ ወደ ሙሉው በሚሻገርበት አሠራር) ከሆነ ታይመሩም ሦስቱም ኮንታክተሮች የሚመገቡት ከዚሁ መስመር መጨረሻ እንዲሆን ያሳስቡ፤ አንዱ ኮንታክተር ከሌላ ቦታ ተመግቦ ከቀረ ሪሌው እሱን ሊያዝዘው አይችልም።

ባለሙያዎ እንዳይዘነጋው የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ኮንታክቶች ሁሉ መታሰር ያለባቸው በፌዙ በኩል እንጂ በኒውትራሉ በኩል አይደለም። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል የኦቨርሎዱን 95 እና 96 በኤ2 እና በኒውትራል መካከል የሚያስገቡ አጋጥመውኛል። በደረቁ ቀን ይሠራል። ነገር ግን ከኤ2 የሚወጣው ሽቦ ልባሱ ተልጦ የፓኔሉን ብረት የነካ ዕለት፣ ኮይሉ የመመለሻ መንገዱን በብረቱና በመሬቱ በኩል ያገኛል፤ ኦቨርሎዱ ቢለይም ኮንታክተሩ አይለቅም። ኮንታክቶቹ በፌዙ በኩል ሲሆኑ ግን ከእነሱ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ሽቦ ተልጦ ብረት ሲነካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ሞተሩ ይቆማል።

ሪሌውን ስንመለከት አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ የሚለካው የፌዝ መጥፋትን ብቻ ነው ወይስ የፌዞችን አለመመጣጠንም ጭምር? እየዞረ ያለ ሞተር አንድ ፌዝ ሲጎድልበት ዝም ብሎ አይቆምም፤ በቀሩት ሁለት ፌዞች እየተጎተተ መዞሩን ይቀጥላል፤ በዚያ ላይ በጎደለው ፌዝ በኩል ከራሱ ጥቅልል ቮልቴጅ መልሶ ያመነጫል። ይህ መልሶ የመጣ ቮልቴጅ ለእውነተኛው ስለሚቀርብ፣ “አለ ወይስ የለም” ብቻ የሚል ርካሽ ሪሌ ሊታለል ይችላል። በዚህ ጊዜ በቀሩት ሁለት ገመዶች የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ጭነቱ እንዳለ ከሆነ ከነበረው ወደ 1.7 እጥፍ ይወጣል፤ ጥቅልሉን የሚያቃጥለው ይኸው ነው። ስለዚህ ሪሌዎ አለመመጣጠንን የሚለካ መሆኑን ሳጥኑ ላይ ያረጋግጡ፤ ኦቨርሎዱም በሞተሩ ብረት ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር መሞላቱን ያስፈትሹ። በ380 ቮልት 15 ኪሎዋት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 30 አምፔር አካባቢ ይጽፋል። ሞተሩ እየወደቀ አስቸገረን ብሎ ኦቨርሎዱን ወደ 40 መጠምዘዝ ከጃምፐሩ ብዙም የማይሻል ጥፋት ነው።

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ ሙከራ ያድርጉ። ቺንጋው ይውለቅ፤ ዋናው ብሬከር ወርዶ ሪሌውን ከሚመግቡት ሦስት ፊውዞች አንዱ ይነቀል፤ ከዚያ ብሬከሩ ተመልሶ ስታርት ይጫኑ። ሞተሩ መነሣት የለበትም። ይህን በሦስቱም ፊውዞች በየተራ ሳያደርጉ ለባለሙያው ሒሳቡን አይክፈሉት።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ የጥገና ባለሙያ ነኝ። የአንድ 90 ኪሎዋት ሞተር ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ሪሌ ቀይ የትሪፕ (“ሞተሩ ይቁም” የሚለውን) መብራቱን አብርቶ እያለ ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። የሪሌው መውጫ በቀጥታ የኮንታክተሩን ኮይል ያዝዛል፤ በላዩም “5 አምፔር፣ 250 ቮልት” ተጽፏል። በተጨማሪ በሪሌው ቅንብር ውስጥ “ፌይል-ሴፍ” የሚል ምርጫ አለ፤ ብናበራው ይሻላል ወይ? ሌሎች ትልልቅ ሞተሮቻችን ደግሞ በኮንታክተር ሳይሆን በብሬከር የሚነሡ ሲሆኑ፣ የመጣያ ኮይላቸው በ110 ቮልት ዲሲ ነው የሚሠራው።

መልስ፦ ጥያቄዎ ሦስት ስለሆነ በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ቀይ መብራቱ በርቶ ሞተሩ ስለመቀጠሉ። ከዓመታት በፊት በአንድ ፋብሪካ ሌሊት ተጠርቼ ልክ እንደዚህ ያለ ነገር ገጥሞኛል። ሪሌው ትሪፕ ብሏል፤ ሞተሩ ግን ያቃስታል፤ የቫርኒሽ ሽታ ከክፍሉ ውጭ ድረስ ይሰማል። በዋናው ብሬከር አወረድነው። ጠዋት የሪሌውን ክዳን ስከፍት የመውጫው ሁለት ነጥቦች፣ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የሚያክሉ፣ ተጣብቀው አገኘኋቸው። በመፍቻው እጀታ ቀስ አድርጌ ስመታው “ጠቅ” ብለው ተለያዩ፤ በአንዱ ላይ ጉድጓድ፣ በሌላው ላይ ሹል ጫፍ ቀርቶ ነበር። የሪሌው አእምሮ ትእዛዙን ሰጥቷል፤ የተበየደ ኮንታክት ግን ትእዛዝ አይሰማም። የእርስዎም ሪሌ ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት መገመት ይቻላል፤ መብራቱ ትሪፕ ሲል ኮንታክቱ መለየቱን በቴስተር ያረጋግጡ።

“5 አምፔር” የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እንደ ምድጃ ላለ ተራ ጭነት ነው፤ ይህም ኤሲ-1 የሚባለው ምድብ ነው። የኮንታክተር ኮይል ግን በኤሲ-15 ምድብ የሚታይ ስለሆነ ለዚያው ኮንታክት የሚፈቀደው አምፔር ዝቅ ይላል፤ በሪሌው መመሪያ ውስጥ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ በላይ፣ ትልቅ ኮይል ሲስብ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ከሳበ በኋላ ከሚፈልገው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ሲስብ 800 ቮልት-አምፔር የሚወስድ ኮይል ቢኖርዎ፣ በ220 ቮልት ለቅጽበት 3.6 አምፔር በዚያች ትንሽ ነጥብ ላይ ያልፋል፤ ነጥቡ ሲገጥም ትንሽ ስለሚዘል፣ በየዝላዩ ብልጭታ ይፈጠራል፤ መበየዱም በዚያ ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመካከል አንድ ረዳት ሪሌ ይግባ። የመከላከያ ሪሌው መውጫ የሚያዝዘው የረዳቱን ትንሽ ኮይል ብቻ ይሁን፤ ትልቁን ኮይል የረዳቱ ወፍራም ኮንታክት ይሸከመው። ረዳቱም እንደ ጌታው መሆን አለበት፤ ማለትም ሁሉ ደኅና ሲሆን የሳበ፣ ሽቦው ሲቆረጥ የሚለቅ። በትልቁ ኮይል ላይ ደግሞ የሬዚስተርና የካፓሲተር ማብረጃ ቢታሰርበት ሲለቅ የሚወረውረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይበርዳል። ኮይሉ በዲሲ የሚሠራ ከሆነ ዳዮድ ይበቃዋል፤ ዳዮዱ ግን ኮንታክተሩ የሚለቅበትን ጊዜ በጥቂቱ እንደሚያዘገይ አይዘንጉ። በመስመሩ መነሻ ላይ መመሪያው የጠቀሰው መጠን ያለው ፊውዝ መኖሩም ኮንታክቱን በሾርት ጊዜ ከመበየድ ያድነዋል።

ወደ ፌይል-ሴፍ ምርጫው እንለፍ። ይህ ምርጫ ሲጠፋ፣ የመውጫው ሪሌ በደኅናው ጊዜ ያረፈ ሆኖ ትሪፕ ሲመጣ ብቻ ይስባል፤ ስለዚህ የሚታሰረው በኖርማሊ ክሎዝድ ኮንታክቱ፣ ብዙ ጊዜ 11 እና 12 በሚባሉት ነው። ሲሞከር በትክክል ይሠራል፤ ባለሙያውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን የሪሌው የራሱ መጋቢ ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ መውጫው ባረፈበት ይቀራል፤ ሞተሩ ያለ ጠባቂ ይዞራል፤ ይህንንም ማንም አያውቅም። ምርጫው ሲበራ ግን መውጫው በደኅናው ጊዜ የሳበ ይሆናል፤ የሚታሰረውም በ11 እና በ14 ነው፤ ሪሌው ትሪፕ ቢል ወይም መጋቢውን ቢያጣ በሁለቱም ይለቃል። በኮንታክተር ለሚነሣ ሞተር ይህን እመርጣለሁ፤ ለሪሌው መጋቢ በጠፋ ቁጥር ሞተሩ እንደሚቆም ግን የምርት ክፍሉ አስቀድሞ ይወቅ። መጠንቀቅ ያለብዎት ቅንብሩን ቀይረው ሽቦውን ሳይቀይሩ እንዳይሄዱ ነው። ሽቦው 12 ላይ እያለ ምርጫውን ቢያበሩት ሞተሩ በደኅናው ጊዜ አልነሣም ይላል፤ ከዚያ አንዱ ተረኛ መጥቶ እንደ ደሴዋ እህታችን ባለሙያ ጃምፐር ያደርገዋል። ሽቦው የተቀየረበትን ቀንና የቅንብሩን ዓይነት በፓኔሉ በር ውስጥ በሚለጠፈው ሥዕል ላይ ይጻፉት። ሙከራውም ሁለት ይሁን፤ አንዴ በሪሌው የሙከራ በተን፣ አንዴ ደግሞ የሪሌውን መጋቢ ፊውዝ በመንቀል።

በብሬከር ለሚነሡት ሞተሮች ነገሩ ይለያል። የብሬከር መጣያ ኮይል የሚሠራው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ስለሆነ፣ የሪሌው መውጫ በኖርማሊ ኦፕን ኮንታክቱ ከኮይሉ ጋር ይታሰራል፤ ትሪፕ ሲመጣ ይገናኛል፤ ብሬከሩ ይወድቃል። እዚህ ላይ የ110 ቮልት ዲሲ አደጋ አለ። ኤሲ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው በራሱ ይጠፋል፤ ዲሲ ዜሮ አይነካም፤ ስለዚህ በ250 ቮልት ኤሲ 5 አምፔር የሚያቋርጠው ያው ኮንታክት በ110 ቮልት ዲሲ የሚያቋርጠው በአብዛኛው ከግማሽ አምፔር በታች ነው፤ የመጣያ ኮይሉ ግን ብዙ አምፔር ሊወስድ ይችላል። መፍትሔው ኮንታክቱ እንዲያገናኝ እንጂ እንዲያቋርጥ አለመጠየቅ ነው፦ የብሬከሩ የራሱ ረዳት ኮንታክት፣ ብሬከሩ ሲገባ የሚገናኝና ሲወድቅ የሚለየው፣ ከመጣያ ኮይሉ ጋር በተከታታይ ይታሰር። ብሬከሩ እንደወደቀ የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው እሱ ይሆናል፤ ሪሌው የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ዓይነቱ መስመር ባትሪው ከደከመ ወይም ሽቦው ከተቆረጠ ድምፅ ሳያሰማ የሚሞት ስለሆነ፣ የመጣያውን መስመር ሙሉነት ዘወትር የሚከታተል ሪሌ ወይም ቢያንስ በኮይሉ በኩል የምትበራ አመልካች መብራት ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ በቆቦ አካባቢ የመስኖ ጥልቅ ጉድጓድ ኦፕሬተር ነኝ። ፓምፑ ውኃ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። ኦቨርሎዱ በሚገባ ተሞልቶ ነበር፤ ሆኖም ሞተሩ ተቃጥሎ ወጣ። ጠባቂው “ሌሊቱን ሲነሣ ሲቆም ነበር” ይላል። ፓምፑ የሚነሣው ማጠራቀሚያው ላይ ባለ ፍሎት ስዊች ነው። መከላከያው እያለ እንዴት ይቃጠላል?

መልስ፦ ጠባቂው የነገረዎት መልሱን ነው። በኦቨርሎዱ ፊት ላይ “ኤች” እና “ኤ” የሚል ምልክት ያለባት ትንሽ መቀየሪያ ትኖራለች፤ ኤች በእጅ መመለስ፣ ኤ በራሱ መመለስ ማለት ነው። የእርስዎ በኤ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ፍሎት ስዊች እንደ ስታርት በተን ለቅጽበት ተጭኖ የሚለቀቅ አይደለም፤ ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ድረስ እንደተገናኘ ይቆያል። ስለዚህ ኦቨርሎዱ በሙቀት ሲለይ ፓምፑ ይቆማል፤ በጥቂት ደቂቃ የኦቨርሎዱ ብረት ሲበርድ 95 እና 96 እንደገና ይገናኛሉ፤ ፍሎቱ ስላለ ፓምፑ ይነሣል። ኦቨርሎዱ በርዷል፤ የሞተሩ ጥቅልል ግን ገና አልበረደም። እያንዳንዱ መነሣት ደግሞ ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ የሆነ ኤሌክትሪክ ይዞ ይመጣል። ይህ እስኪነጋ ሲደጋገም የማይቃጠል ሞተር የለም። በፍሎት ወይም በግፊት ስዊች በሚነሣ ሞተር ላይ ኦቨርሎዱ በእጅ መመለስ ላይ ይሁን፤ ሰው መጥቶ ምክንያቱን ሳያይ አይነሣ።

ኦቨርሎዱ የማያየው ሌላ አደጋ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ አለ። ውኃው ዝቅ ብሎ ፓምፑ በደረቁ ከዞረ ሞተሩ ጭነት ስለሌለው ኦቨርሎዱ ምንም አያይም፤ ማቀዝቀዣ ውኃ ግን አጥቷል። ለዚህ በጉድጓዱ ውስጥ የሚወርዱ ኤሌክትሮዶች ያሉት የውኃ ደረጃ ሪሌ ያስፈልጋል፤ ውኃ እያለ የሚስበውን ዓይነት መርጠው ሲስብ የሚገናኘውን ኮንታክት ከ95 እና 96 ጋር በተከታታይ ያስሩ። የኤሌክትሮዱ ገመድ ቢበጠስ ፓምፑ ይቆማል፤ ገበሬው ያጉረመርማል፤ ሞተሩ ግን ይተርፋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም በቧንቧው ያለው ውኃ ወደ ታች ሲመለስ ፓምፑን በተቃራኒው ሊያዞረው ስለሚችል፣ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ታይመር በዚሁ መስመር ላይ ይግባ። ኦቨርሎዱ ደግሞ ምድብ 10 ይሁን፤ ይህ ምድብ ከተሞላው አምፔር 7.2 እጥፍ ሲያልፍ ከ4 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይለያል። ለከባድ ማራገቢያ የሚሆነው ምድብ 30 ለእንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ እጅግ የዘገየ ነው።

ጥያቄ፦ በወልዲያ የኤሌክትሪክ ትምህርት ተማሪ ነኝ። በኦቨርሎድ ላይ ያሉት 97 እና 98 ለምን ያገለግላሉ? በስታር-ዴልታ ኦቨርሎዱ በስንት ይሞላል? መምህራችን ደግሞ “ሪሌው ሲያርፍ ሞተሩ ይቁም” ይሉናል፤ ማቆም የሌለብን ሞተር አለ?

መልስ፦ 97 እና 98 ኦቨርሎዱ ሲለይ የሚገናኝ ኮንታክት ነው፤ ቀይ መብራት ወይም ደወል ለማስነሣት ይጠቅምሃል። 95 እና 96 የሚያቆመው፣ 97 እና 98 የሚናገረው ነው ብለህ ያዝ። ሁለቱ ኮንታክቶች በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ከአንድ ፌዝ መግባቸው፤ አንዱን ከአንድ ፌዝ ሌላውን ከሌላ ፌዝ ካሰርክ በመካከላቸው 380 ቮልት ይቆማል።

በስታር-ዴልታ ኦቨርሎዱ ከዋናው ኮንታክተር በታች ከሆነ የሚያየው የጥቅልሉን ኤሌክትሪክ ስለሆነ በሰሌዳው ላይ ያለውን አምፔር በ0.58 አባዛው፤ ለ30 አምፔር ሞተር 17.4 ይሆናል። የሦስቱም ፌዝ መግቢያ ላይ ከሆነ ግን ሙሉውን 30 ሙላው። ደሴ ላይ ፓኔል ልትሠራ ከሄድክ ደግሞ ከተማዋ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን አስታውስ፤ ኮንታክተሮች ብዙውን ጊዜ የተመዘኑት እስከ 2000 ሜትር፣ ሞተሮች ደግሞ እስከ 1000 ሜትር ነው። የሳሳ አየር ብልጭታ የማጥፋትም የማቀዝቀዝም ኃይሉ ያንሳል፤ የደሴ ብርድ ለሞተሩ የተወሰነውን ይክሳል፤ ለኮንታክተሩ ግን አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መምረጥ ይሻላል።

ማቆም የሌለብህ ሞተር አለ፤ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ነው። እሳት ሲነሣ ሞተሩ ቢቃጠልም ውኃ እየሰጠ ይቃጠል እንጂ ራሱን ለማዳን ብሎ መቆም የለበትም፤ ስለዚህ የከፍተኛ ጭነትም ሆነ የፌዝ ሪሌው ሰውን ይጠራል እንጂ ኮንታክተሩን አያዝዝም። የደሴዋ እህታችን ባለሙያ በስሕተት ያሰረው 15 እና 16 እዚህ ቦታውን ያገኛል፦ ፌዝ ሲጎድል ሪሌው ይለቃል፣ 15 ከ16 ጋር ይገናኛል፣ ደወሉ ይጮኻል። ደወሉን ከባትሪ መግበው፤ የጎደለው ፌዝ የራሱ የደወሉ መጋቢ ሊሆን ይችላልና። 97 እና 98ም ወደዚያው ደወል ይሂዱ። 95 እና 96 በዚያ ፓኔል ላይ ሽቦ ሳይታሰርባቸው ባዶአቸውን ይቀመጣሉ።